ቀለበቱ ሉሁን እየበላብኝ ነው፤ ሌዘር ላይ ብክነት የሚቀንስ አደራደር እንዴት ነው?

ብርሃን ሠሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የሚንጠለጠል የመብራት ሽፋን ነው የምሠራው። ባለ 3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በሲኦቱ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ሌዘር እቆርጣለሁ። የማሽኑ ጠረጴዛ 600 በ400 ሚሊ ነው።

አንድ መብራት ሁለት ቀለበት ይፈልጋል። የውጭ ዲያሜትራቸው 380፣ የውስጡ 340 ነው። ስምንት ጎበጥ ያሉ የጎን አጥንቶችም አሉት። እነሱ 220 ይረዝማሉ፣ ወርዳቸው 25 ነው፣ ከነጉብጠታቸው 45 ይደርሳሉ። አምፖሉ የሚታሰርበት አንድ ባለ 100 ክብ ሲጨመር መብራቱ ሙሉ ነው።

ያቃጠለኝ ቀለበቱ ነው። አንድ ሉህ ላይ አንድ ብቻ ይገባል፤ ሁለተኛው በምንም ተአምር አይገባም። አጥንቶቹን ቀለበቱ ሆድ ውስጥ እከታቸዋለሁ። ያም ሆኖ ለአንድ መብራት ሁለት ሉህ ይሄዳል። የትርፍራፊው ክምር ከመብራቶቹ በልጧል፤ ቅርጹ ሁሉ ጨረቃና ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ለሌላ ነገርም አይውል።

ቅርጾቹን ሉሁ ላይ የሚደረድርልኝ ሶፍትዌር ዲፕኔስት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ ያድርና ጠዋት የሚያሳየኝ ያንኑ ነው። ቅንብሩ ላይ የሚነካ ነገር አለ? ወይስ የተሻለ ሶፍትዌር ታውቃላችሁ?

ቀልጣፋው

በዕቃዎቹ መሃል ስንት ሚሊ ነው የተውሽው? ለ3 ሚሊ እንጨት 2 ይበቃል። ደግሞ የማዞሪያውን ቁጥር እዪው። ሲጫን 4 ላይ ነው የሚመጣው፤ ይህ ማለት እያንዳንዱን ቅርጽ በ90 ዲግሪ ብቻ እያዞረ ነው የሚሞክረው። 16 አድርጊውና ተዪው።

ብርሃን ሠሪ

5 ሚሊ ነበር፤ ወደ 2 አወረድኩት። ማዞሪያውንም 16 አደረግሁት። አጥንቶቹ ትንሽ ጠጋ ጠጋ አሉ፣ ፍጥነቱ ግን ሞተ። ቀለበቱ ያው አንድ ነው።

ግማሽ ሚሊ

እህቴ፣ ሶፍትዌሩን አትውቀሺው። የሰጠሽውን ነው የደረደረልሽ። ክብ ደግሞ በስንት ዲግሪ ቢዞር ያው ክብ ነው። ከሌዘር በፊት በእጅ መጋዝ የኖርኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልንገርሽ። አደራደር የሚያድነው የተወሰነውን ነው። ትልቁ ብክነት የሚወለደው ስዕሉ ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። የአንድ ቀለበት ስፋት 22,600 ካሬ ሚሊ ገደማ ነው። ሉሁ 240,000 ነው። ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ ሉሁን በሙሉ ይዞ ተቀምጧል ማለት ነው። አጥንቱንና ክቡን ደምረሽ ብታሰዪው፣ ከሁለቱ ሉሆች መብራት የሚሆነው ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ነው። ይህን የትኛውም ቅንብር አያስተካክለውም።

ቀለበቱን ቁረጪው። አራት ሩብ አድርጊው።

አንዱ ሩብ ቅስት ከጫፍ እስከ ጫፍ 269 ሚሊ ነው፤ ቁመቱ 70 ብቻ። አሁን ማንኪያ ማንኪያ ላይ እንደሚደራረብ አንዱን በሌላው ጉብጠት ስር አስገቢው። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ 35 ሚሊ ወደ ላይ ውጪ። የመጀመሪያው 70 ይወስዳል፣ የቀሩት ዘጠኙ 315፤ በድምሩ 385። ከሉሁ ዳርና ዳር 5፣ 5 ሚሊ ትተሽ ያለሽ 390 ነው። ገባ። ሁለት ረድፍ ጎን ለጎን 540 ይሆናል፤ ያለሽ 590። ይህም ገባ። 20 ቅስት ማለት 5 ቀለበት ነው። አንድ ቀለበት ይሰጥ የነበረው ሉህ አምስት ሰጠ።

«ቅስቱ 20 ሚሊ ነው፤ 22 ብወጣ አይበቃም ወይ?» እንዳትዪ። መሃሉ ላይ ይበቃል። ጫፎቹ ላይ ግን ቅስቱ ስለሚያዘነብል ወደ ላይ የሚለካው ውፍረት ይጨምራል። 27 አካባቢ እስክትደርሺ ድረስ ጫፎቹ ይጋጫሉ። መሃሉን ብቻ አይቶ የሚያጠጋ ሰው ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ነው የሚያዝ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጥቅምም አለው። ባለ 3 ሚሊ ኮምፔንሳቶ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ንጣፍ ነው፤ የላይኛውና የታችኛው ቃጫ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ሙሉ ቀለበት ስትቆርጪ በሁለት ቦታ ቃጫው ቀለበቱን በወርዱ ያቋርጠዋል። ቀለበት ተሰብሮብሽ የሚያውቅ ከሆነ ቦታውን ተመልከቺ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። ሩብ ሩብ አድርገሽ ሁሉንም ቃጫው በርዝመታቸው እንዲሄድ ከደረደርሻቸው ግን ያ ደካማ ቦታ የለም። ለዚህ ነው ለእንጨት 16 ማዞሪያ የማልወደው። ሶፍትዌሩ ቃጫ የሚባል ነገር አያውቅም። አጥንት የመሰለ ቀጭን ነገር በ0 እና በ180 ብቻ ይዙር። ቃጫ የሌለው ፕላስቲክ፣ አክሪሊክ ላይ ግን እንደፈለግሽ አዙሪ።

ሌላው፣ አንድን መብራት ለብቻው አትደርድሪ። አምስቱን አንድ ላይ አስቢ። አምስት መብራት 10 ቀለበት፣ ማለትም 40 ቅስት ነው፤ ሁለት ሉህ። አጥንቶቹ 40 ናቸው። እነሱንም እንደ ቅስቱ በ30 ሚሊ ደራርቢያቸው፦ 45 ሲደመር 11 ጊዜ 30፣ 375 ይሆናል። በአንድ ረድፍ 12፣ በሁለት ረድፍ 24፣ በሁለት ሉህ 48። ስምንት አጥንት ተረፈሽ፤ የሚቀጥለው መብራት አጥንት ተዘጋጀ ማለት ነው። ከሁለቱ የአጥንት ረድፎች ጎን 146 ሚሊ ወርድ ያለው ጥብጣብ ይቀራል። እዚያ ላይ ባለ 100 ክብ ሦስት ይገባል። ከሁለቱ ሉሆች ስድስት ክብ ታገኛለሽ፤ የምትፈልጊው አምስት ነው።

ጠቅላላው አራት ሉህ። በነበረው አካሄድ አስር ነበር።

ሶፍትዌሩን ጣይው ማለቴ አይደለም። ቅርጾቹ የተዘበራረቁ ሲሆኑና ዓይነታቸው ሲበዛ ከሰው ይሻላል። ግን አሠራሩን እወቂው። ለእንዲህ ያለ ችግር ምርጡን አደራደር በፍጥነትና በእርግጠኝነት የሚያገኝ ስልት እስካሁን የለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉንና ማዕዘኑን በዘፈቀደ እየቀያየረ የተሻለውን ይይዛል፣ እንደገና ይቀያይራል። የምታዪው «እስካሁን ያገኘሁት» የሚለውን ነው። አንድ ዓይነት ቅርጽ 40 ጊዜ ስትሰጪው 40 የተለያየ ዕቃ አድርጎ ነው የሚያስበው። ሁለቱን በእጅሽ አጋጥመሽ፣ የሚገጣጠሙበትን ርቀት አግኝተሽ፣ በዚያው ርቀት ብታባዢ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስበውን በደቂቃ ትቀድሚዋለሽ።

ላሜራ ቤት

ጋሼ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ላሜራ ለምትቆርጡ ግን አንድ ነገር ልጨምር። 2 ሚሊ ክፍተት የሚለውን ለብረት አትውሰዱት። እኛ በትንሹ የላሜራውን ውፍረት ያህል እንተዋለን። 6 ሚሊ ላሜራ ላይ 6 ሚሊ። ከዚያ ካነሰ መሃል ላይ የሚቀረው ቀጭን ብረት ይግላል፣ ይጣመማል፣ የመቁረጡም ጥራት ይበላሻል። ትንንሽ ዕቃ ተቆርጦ ሲለቅ ደግሞ በአንድ ጎኑ ቀና ብሎ ይቆማል፤ የሌዘሩ ራስ ሲያልፍ ይገጨዋል። ስለዚህ ከቀሪው ላሜራ ጋር በጠባብ ድልድይ እናያይዘዋለን፤ በኋላ በእጅ ተሰብሮ ይወጣል።

አራት ማዕዘን ዕቃ ከሆነ አንዱን መስመር ለሁለት ዕቃ ማዋል ይቻላል። ጊዜም ጋዝም ይቆጥባል። ዲፕኔስትም የተደራረቡ መስመሮችን አንድ ማድረግ ይችላል። እንዲህ ሳይሆን ሁለት መስመር አንዱ በሌላው ላይ ከቀረ ሌዘሩ ያንኑ ቦታ ሁለቴ ይቆርጠዋል፤ እንጨት ላይ ዳሩ ከሰል ይሆናል።

ክብ ብቻ

እኔ የቁልፍ መያዣ ነው የምቆርጠው፤ ባለ 50 ክብ፣ ሌላ ምንም። በዚሁ 600 በ400 ሉህ ላይ፣ ዳር 5 ሚሊ፣ በመሃል 2 ሚሊ ትቼ፣ ቀጥ ባለ ረድፍ 11 በ7፣ ማለትም 77 ይገባል። ሁለተኛውን ረድፍ በግማሽ ገፍቼ በሁለት ክብ መሃል ሳስቀምጠው ግን የረድፎቹ ርቀት ከ52 ወደ 45 ይወርዳል። ስምንት ረድፍ ይሆናል፤ 11 እና 10 እየተፈራረቀ 84። ሰባት ክብ በነፃ።

ዳር የሌለው ሉህ ቢኖር ቀጥ ያለው አደራደር 78.5 በመቶ፣ የተፈራረቀው 90.7 በመቶ ነው የሚሸፍነው። ለእኩል ክቦች ከዚህ የበለጠ አደራደር እንደሌለ ፌየሽ ቶት የተባለ የሃንጋሪ የሒሳብ ሰው በ1940 አረጋግጧል። እውነተኛ ሉህ ግን ዳር አለው። ጠባብ ቁራጭ ላይ አንዳንዴ ቀጥ ያለው ያሸንፋልና ሁለቱንም ቁጠሩ።

ቀልጣፋው

ይሄ ሁሉ ቆንጆ ነው፣ ግን ማን ያጣብቀዋል? 10 ቀለበት 40 መጋጠሚያ ነው። ኮላ፣ መያዣ፣ ማድረቂያ ጊዜ፣ መሞረጃ። እንጨቱን ያተረፈችውን በጉልበቷ ትከፍላለች። መጋጠሚያውስ አይታይም? ደንበኛ «ይሄ ስንጥቅ ነው እንዴ?» ብሎ ቢጠይቃት ምን ትላለች?

ግማሽ ሚሊ

ወንድሜ ያነሳኸው ተገቢ ነው። አንድ መብራት ብቻ ታዝዞ ነገ የሚደርስ ከሆነ ሙሉውን ቀለበት ቆርጣ ትገላገል። ብዙ ስትሠራ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

ይታያል ላልከው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መጋጠሚያው አጥንት የሚሰካበት ቦታ ላይ እንዲውል ማድረግ ነው። ስምንት አጥንት አላት፣ አራት መጋጠሚያ። በየሁለተኛው አጥንት ስር አንድ ይደበቃል። ግን አጥንቱ የሚሰካበት ቀዳዳ ራሱ እንጨቱን ስለሚያሳሳው እኔ ይህን ብዙም አልመርጠውም።

ሁለተኛው ይሻለኛል፤ ቀለበቱን ድርብ ማድረግ። ታችኛው አራት ሩብ፣ ላይኛው አራት ሩብ፣ ላይኛው በ45 ዲግሪ ዞሮ። የአንዱ መጋጠሚያ በሌላው ሙሉ አካል ላይ ያርፋል። አንዱ ጫፍ በሌላው ውስጥ የሚሰካበት የፐዝል ጥርስም አያስፈልግም፤ ጫፎቹ ቀጥ ብለው ይገጥማሉ፣ ኮላው ይይዛል። እንጨቱ እጥፍ ሆነ ትላለህ። ሆነ። አሁንም ከአንድ ሉህ ሁለት ቀለበት ተኩል ይወጣል፤ ድሮ አንድ ነበር። ከዚያም ባለ 6 ሚሊ ቀለበት ነው የያዝከው፤ አይጣመምም። የአጥንቶቹን ሰኪያ ግን ለ6 ሚሊ ማስተካከል አለባት።

ብርሃን ሠሪ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድርቡ ለእኔ መብራት ይከብዳል፤ በነጠላ ከፐዝል ጥርስ ጋር ልሞክረው ነው። ጥርሱ 8 ሚሊ ወጣ ብሎ 10 ሚሊ ወርድ ይኖረዋል። ቅስቶቹ አሁንም በ35 ይደራረባሉ? ደግሞ ጥርሱ እንዳይላላብኝ ምን ላድርግ? ትርፍራፊውንስ ምን ታደርጉታላችሁ?

ግማሽ ሚሊ

ይደራረባሉ። ጥርሱ የሚወጣው ቅስቱ ወደሚያዘነብልበት ወደ ታች ነው፤ ቁመቱ ላይም ርዝመቱ ላይም ሁለት ሁለት ሚሊ ነው የሚጨምረው። 72 ሲደመር 315፣ 387። ሦስት ሚሊ ይተርፍሻል።

ለመላላቱ መጀመሪያ ጨረሩ ስንት እንደሚበላ ለኪ። ከዚያው ኮምፔንሳቶ ላይ 100 ሚሊ ርዝመት ያለው አራት ማዕዘን ሳይና በዘጠኝ መስመር አስር ቦታ ክፈይው። ቁረጪው። አስሩን ቁራጮች ሳታወጪ ወደ አንድ ጎን ግፊያቸውና በሌላው ጎን የተከፈተውን ክፍተት ለኪ። ከሁለቱ ዳሮች ጋር 11 መስመር ነው፤ ክፍተቱን ለ11 አካፍይ። 2.2 ሚሊ ከሆነ ጨረሩ 0.2 ይበላል ማለት ነው።

እንግዲህ 10 ሚሊ ብለሽ የሳልሽው ጥርስ 9.8 ሆኖ ይወጣል። የሚገባበት ቦታ ደግሞ 10.2 ይሆናል። 0.4 ሚሊ ልቅ ነው፤ ኮላ ቢጨመርበትም ያወዛውዛል። የቅስቱን ዙሪያ በሙሉ ጨረሩ የሚበላውን ግማሽ፣ 0.1 ሚሊ፣ ወደ ውጭ አስፊው። ጥርሱም ይሞላል፣ ጎድጓዳውም ይጠባል። ይህን የምታደርጊው ከመደርደርሽ በፊት ነው። ኮምፔንሳቶው ሲቀየር ልኬቱን ድገሚው፤ ኮላውና ውፍረቱ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው ይለያያል። ላሜራ ቤት ያነሳውን የጋራ መስመር ለጥርስ ላለው ዕቃ አትጠቀሚበት። እዚያ አንዱ መስመር ለሁለት ስለሆነ ወደ የትም ማስፋት አትችዪም።

ስለ ትርፍራፊው፣ ሶፍትዌሩ የሚያሳይሽን በመቶኛ ብዙ አትመኚው። 70 በመቶ ሞልቶ የቀረው 30 በመቶ በየቦታው ከተበታተነ ቆሻሻ ነው። እዚያው 70 በመቶ ሆኖ ቀሪው በአንድ በኩል ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ የነገ ሉህ ነው። ዲፕኔስት ላይ ወደ አንድ ጎን እንዲስብ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ግራቪቲ ይለዋል። እሱን ያዢ። ሥራው ሲያልቅ ቀሪውን በሌዘሩ ቀጥ አድርገሽ ቁረጪና ልኩንና የቃጫውን አቅጣጫ በእርሳስ ጻፊበት። ካልተጻፈበት ማንም አያነሳውም።

ሌላ ያልተጠየቅሁት፣ ሉሁን ራሱን ከየት ነው የምታመጪው? 1220 በ2440 ኮምፔንሳቶ ገዝተሽ የምታስቆርጪ ከሆነ 600 በ400 በትክክል 12 ይወጣል። 600ው በ2440ው በኩል አራት ጊዜ፣ 400ው በ1220ው በኩል ሦስት ጊዜ። መጋዙ በየመስመሩ 3 ሚሊ ቢበላም ይበቃል። ወደ ሌላው አዙሮ የሚቆርጥልሽ ሰው ግን 600ውን በ1220ው በኩል ሁለቴ፣ 400ውን በ2440ው በኩል ስድስቴ ያደርገዋል። ቁጥሩ ያው 12 ነው፤ ቃጫው ግን በርዝመቱ መሄዱ ቀርቶ በወርዱ ይሄድና ቅስቶችሽ ሁሉ ተሰባሪ ይሆናሉ። አቅጣጫውን ምልክት አድርጊለት።

ብርሃን ሠሪ

የቃጫውን ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። የተሰበሩብኝን ቀለበቶች አውጥቼ አየሁ፤ ሁሉም በወርዱ ነው የተሰነጠቁት።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ 20 ቅስት እንዲህ ተጠጋግቶ ሲቆረጥ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል?

ግማሽ ሚሊ

ያመጣል። መጀመሪያ የአጥንት መሰኪያ ቀዳዳዎቹን በሙሉ፣ የሁሉንም ቅስት። ከዚያ ነው ዙሪያው። ዙሪያው ተቆርጦ ቅስቱ ከለቀቀ በኋላ ቀዳዳ ብትቆርጪ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ይጠብቅሻል። ዙሪያውን ስትቆርጪ ደግሞ በተከታታይ ጎረቤታሞቹን አትቁረጪ፤ አንዴ ከግራው ረድፍ፣ አንዴ ከቀኙ። በመሃላቸው ያለው ጠባብ እንጨት እስኪበርድ ጊዜ ያገኛል። ሉሁ ጎበጥ ያለ ከሆነ አራቱን ጥግ በማግኔት ወይም በክብደት ያዢው፤ አለዚያ መሃሉ ላይ ፎከሱ ይሄድና ግማሹ ቅስት ሳይበጠስ ይቀራል።